ላባ፣ ሽቦና መንጠቆ፦ ከቁጠባው ብር በፊት የሚቀድም ሒሳብ

(በዳሪሙ፣ በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንወስነው አንድ ጉዳይ አለ። ከቁጠባ ሣጥናችን ገንዘብ አውጥተን ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆኑ ሰው ሠራሽ ነፍሳት ማሰር እንጀምር ወይስ አንጀምር? አሳቡን ያመጡት ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ አንድ ደጋፊያችን ናቸው። ስፌታችንን አይተው፣ «ይህ እጅ ኒምፍ ማሰር አያቅተውም» ብለው መንጠቆ የሞላ ትንሽ ቆርቆሮ ትተውልን ሄዱ። እኛም ሞክረነዋል። ስለዚህ አሠራሩንም ሒሳቡንም አብረን እናቀርባለን።

ኒምፍ የሚባለው ክንፍ አውጥቶ ከመብረሩ በፊት በወንዝ ውስጥ የሚያድግ የነፍሳት ግልገል ነው። ወንዝ ወርዶ ድንጋይ የገለበጠ ሰው ያውቀዋል፤ ጭራው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጀርባው ላይ ክንፉ የሚወጣበት ጉብታ ያለው ትንሽ ፍጥረት ነው። ትራውት የተባለው ዓሣ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው በታች ስለሆነ፣ አጥማጆች ይህንኑ አስመስለው መንጠቆ ላይ ያስራሉ።

ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። በአገራችን የሚታወቀው በባሌ ተራሮች፣ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ሲሆን፣ በንጉሡ ዘመን ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ገበያ እዚህ ደጃችን ላይ አይደለም፤ ባሌ የሚሄዱ እንግዶችና የውጭ አገር አጥማጆች ናቸው ገዢዎቹ። ሥራው ግን ለእንደኛ ላለ አገር እንግዳ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የቆየ ሙያ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሴቶች እያሰሩ ወደ ውጭ ይላካል።

የሞከርነው ዓይነት ፍራንክ ሶየር የተባለ እንግሊዛዊ የወንዝ ጠባቂ የፈጠረው ነው። በፈረንጆች 1958 በታተመ መጽሐፉ ስለ ኒምፍና ስለ ትራውት ጽፏል። የእሱን ሥራ የወደድንበት ምክንያት ዕቃው ሁለት ብቻ መሆኑ ነው፤ ቀጭን የመዳብ ሽቦና ፌዛንት የምትባል ወፍ የጭራ ላባ። ክር አያስፈልገውም። ሽቦው ያስራል፣ ክብደትም ሆኖ ኒምፉን ወደ ታች ያሰምጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መንጠቆውን በሽቦ እንጠመጥማለን፤ ደረቱ ጋ ደጋግመን በመጠምጠም ጉብታ እናወጣለን። ከዚያ ከላባው አራት ዘለላ እንወስድና ጫፋቸው እንደ ጭራ እንዲወጣ አድርገን ከኋላ እናስራለን። ዘለላዎቹን ከሽቦው ጋር አብረን እየጠመጠምን እስከ መንጠቆው ዓይን እንመጣለን። ከዚያ ሽቦውን ለይተን፣ ላባውን በጉብታው ላይ ወደ ኋላ አጥፈን እናስራለን፤ መልሰን ወደ ፊት አጥፈን እናስራለን። የክንፉ ጉብታ የሚሆነው ይህ እጥፋት ነው። በአክርማ ስንደዶ ለምትጠቀልል እህት ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የሚለየው በወስፌ ፈንታ በጣት ጫፍ መሠራቱ ነው።

ፌዛንት በአገራችን የለችም። የሞከርነው በቀይ አውራ ዶሮ ላባ ነው። የጭራው ላባ ያንሸራትታል፤ የክንፉ ይሻላል። ስንሸጥ ግን የዶሮ ላባ ነው ብለን እንሸጣለን እንጂ የፌዛንት ነው አንልም። ለላባ ብለንም የዱር ወፍ አንገድልም። ሽቦው ሞተር ከሚጠመጥሙ ሰዎች ዘንድ ይገኛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ ትክክለኛው ዋጋ ሲታወቅ በቦታቸው ይገባል። መንጠቆ 10 ብር፣ ሽቦ 1 ብር፣ ማሸጊያና መላኪያ 5 ብር ቢሆን፣ የአንዱ ወጪ 16 ብር ነው። በ40 ብር ቢሸጥ 24 ብር ይተርፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አተረፍን» ብሎ ያቆማል። እኛ ግን ሰዓቱን እንቁጠር። አንዲት እህት በሰዓት 4 አስራ ገዢው 3ቱን ብቻ ቢቀበል፣ 72 ብር ይተርፋታል። ከተመለሰው መንጠቆው ተፈትቶ ይድናል፤ ሽቦው፣ ማሸጊያውና መላኪያው ግን ይጠፋሉና 66 ብር ይሆናል። ይህ ገና ትርፍ አይደለም፤ የጉልበቷ ዋጋ ነው። በዚያው ሰዓት በስፌት ወይም በጉልት ከምታገኘው ካነሰ፣ ሥራው ከስሯል ማለት ነው። የማኅበሩ ድርሻም የሚወጣው ከዚሁ ላይ ነው።

ጊዜውም ይታሰብ። በቡና ለቀማ ወራት ማንም እጅ አያርፍም። ይህ ሥራ ከሆነም የክረምት ሥራ ነው፤ ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠን፣ በቂ ብርሃን ባለበት።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ሦስት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ በቆርቆሮው የቀሩት መንጠቆዎች እስኪያልቁ ፈቃደኛ የሆኑ እህቶች ይለማመዱ፤ የፈጀባቸውም ሰዓት ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ የተሠራው ናሙና ለአጥማጆች ተልኮ በውሃ ይፈተን። ሦስተኛ፣ ቅድሚያ ክፍያ ያለው ትእዛዝ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ከቁጠባ ሣጥኑ አንድ ብር አይውጣ። ያ ገንዘብ ለልጅ ደብተር፣ ለሕክምና፣ ለክፉ ቀን ብለን ከመቀነታችን ፈትተን ያስቀመጥነው ነው።

ክቡራን ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ በዚህ ጉዳይ ስጦታ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ገዢ እንድታገናኙን፣ ናሙናውም የማይረባ ከሆነ በይሉኝታ ሳትሸፍኑ እንድትነግሩን ነው። ለይሉኝታ የተገዛ ዕቃ ሁለተኛ አይታዘዝም።

እህቶች፣ እጃችን እንደሚችል አይተናል። ገበያው መኖሩን ደግሞ ትእዛዙ ይንገረን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ እጅ በማውጣት እንወስን።