ያው ሙያ፣ ሌላ መንገድ



የሰንበት ትምህርት ቤታችን ውድ ተመራቂዎች፤

ሊቃውንቱ በተቀመጡበት ጉባኤ ትርጓሜ ልናገር ብል ድፍረት ይሆንብኛል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ መርካቶ ጣቃ ጨርቅ ስፈታና ስጠቀልል ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር፤ ሰኞ ጠዋት የሱቅ በር ሲከፈት ስለሚጀምረው ክርስትና።

ሰው በእግዚአብሔር ተለወጠ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሁሉን ጥሎ ገዳም የገባ ሰው ነው። ያ ለተጠሩት የተቀደሰ ጥሪ ነው። ከእናንተ አብዛኞቹ ግን ነገ የምትመለሱት ወደ ሸማ ተራ፣ ወደ በርበሬ ተራ፣ ወደ ሚሊተሪ ተራ፣ ወደ ባንክ መስኮት፣ ወደ ክፍላችሁ ነው። እናንተስ በምን ትታወቃላችሁ? ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ቃል ይህ ነው፦ እግዚአብሔር ሰውን ሲለውጥ ሙያውን አይነጥቀውም፤ ሙያው የሚሄድበትን መንገድ ያዞረዋል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የተጻፈውን የአገራችንን ሰው አስቡት። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፣ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ ነበር። ከኢየሩሳሌም ተሳልሞ ሲመለስ በጋዛ መንገድ፣ በሠረገላው ላይ ሆኖ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነባል። ዲያቆኑ ፊልጶስ የምታነበው ይገባሃል ወይ ሲለው በሹመቱ አልኮራም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል ብሎ መንገደኛውን አጠገቡ አስቀመጠው። ተማረ፣ አመነ፣ ተጠመቀ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሹመቱን ጣለ አይለንም። ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ ይለናል፤ መንገዱም ወደ አገሩ የሚወስደው ነበር። በዓይነ ሕሊናዬ ሳየው፣ እንደገና ግምጃ ቤቱን ሲከፍት ቁልፉ ያው ነው፣ መዝገቡም ያው ነው፤ የሚቆጥረው ሰው ግን ሌላ ሰው ሆኗል።

ከእርሱ በኋላ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት፣ የቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያ ጳጳስ የሆኑት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን መጡ። ልጅ ሳሉ ስማቸው ፍሬምናጦስ ነበር፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ መርከባቸው ተዘርፎ ጓዶቻቸው ሲገደሉ፣ ከሌላው ልጅ ከኤዴስዮስ ጋር ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚነግረን ንጉሡ ለፍሬምናጦስ የሰጣቸው ሥራ ሒሳብና መዝገብ መያዝ ነበር። እርሳቸውም በኋላ በሹመት ላይ ሳሉ ወደ አክሱም የሚመጡትን ክርስቲያን ነጋዴዎች እየፈለጉ የጸሎት ቦታ እንዲያዘጋጁ ረዷቸው። ልብ በሉልኝ፤ እስክንድርያ ወርደው በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ከመሾማቸው በፊት መጀመሪያ የሰበሰቧቸው ሰዎች ነጋዴዎች ናቸው። ነጋዴ በዚህች ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም።

ያ እምነት በኋላ ወደ ዙፋኑ ደረሰ። ብዙዎች ከትውፊታችን ንጉሥ ከአብርሃ ጋር አንድ ነው የሚሉት ንጉሥ ኢዛና ቀድሞ ባስመታው ገንዘብ ላይ የነበረው ምልክት ጨረቃና ክብ ነበር፤ ካመነ በኋላ ባስመታው ላይ መስቀል ተተካ። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙት የዓለም መንግሥታት አክሱም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ንጉሡ ገንዘብ ማስመታቱን አልተወም። ግን ገንዘቡን በእጁ የያዘ ሁሉ፣ አዱሊስ ወደብ ላይም ይሁን ባሕር ማዶ፣ በዚያ አገር አንድ ነገር እንደተለወጠ በዓይኑ ያይ ነበር። የእኛስ ለውጥ ገንዘባችን ላይ ይታያል? ጨርቅ ስንለካ ወጥረን ሳንቲ ሜትር ብንሰርቅ፣ ፎርጂዱን ኦሪጅናል ብለን ብንምል፣ ለተሸካሚው የላቡን ዋጋ ብንከለክል፣ እሑድ የያዝነውን መስቀል ሰኞ ማን ያየዋል?

አሁን ደግሞ ሰኔ 24 ቀን ወደምናስበው ወደ ሙሴ ጸሊም ልውሰዳችሁ። ኢትዮጵያዊ ነው፤ የአንድ ሹም አገልጋይ ሳለ በስርቆት ተባረረና የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። በኋላ በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ፣ በንስሐ መነኮሰ። ወንበዴ የሚያውቀው ሙያ ምንድን ነው? ሌሊት መሄድ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሰው ደጅ መድረስ፣ ሳይታይ መመለስ። የመነኮሳትን ታሪክ የመዘገበው ጳላድዮስ የጻፈውን ስናነብ ያ ሙያ አልጠፋበትም። ሌሊት ሌሊት እየወጣ ውሃ መቅዳት ወደማይችሉት አረጋውያን መነኮሳት በኣት ይሄዳል፤ እንስራቸውን ያነሣል፤ ከሩቅ ጉድጓድ ቀድቶ ይሞላል፤ ሳይሰሙት መልሶ ያስቀምጣል። ያው ጨለማ፣ ያው እግር፣ ያው ጥንቃቄ! ቀድሞ ሊወስድ ይሄድ ነበር፤ አሁን ሊሞላ ይሄዳል።

ይህ ግን በአንድ ጀንበር አልሆነም። ከመነኮሰ በኋላ የድሮው ምኞት ለዓመታት ታግሎታል። ሲደክመው ብቻውን አልተቀመጠም፤ ወደ መንፈሳዊ አባቱ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባም ሰገነት ላይ አውጥተው በምዕራብ የሚዋጉትን አጋንንት፣ በምሥራቅ የሚረዱትን መላእክት አሳዩት፤ የሚረዱትም ይበዙ ነበር። ስለዚህ ልጆቼ፣ ትምህርቱን ጨርሳችሁ ከወር በኋላ የድሮው ቁጣ፣ የድሮው ውሸት ብቅ ቢል አልተለወጥኩም ብላችሁ አትሽሹ። የህንደኬ ባለሟል መሪ ጠየቀ፤ ሙሴም አባት ነበረው። የንስሐ አባታችሁን ስልክ ለበዓል ሰላምታ ብቻ አትያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቃችሁ። ዛሬ ምስክር ወረቀት የተቀበለ ልጅ ነገ እናቱ ቡና ስታፈላ የጾሟን ሥርዓት ሊያርም ይነሣል። እንዲህ ላለው ልጅ የሙሴን ታሪክ ላስታውሰው፤ በአስቄጥስ አንድ ወንድም በድሎ ሊፈረድበት ጉባኤ ሲጠራ፣ ሙሴ ቀዳዳ ቅርጫት በአሸዋ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ የራሴ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። የተማረ ሰው እድገቱ የሚለካው ስንት ሰው አረመ በሚለው አይደለም፤ ስንቱ ሰው አጠገቡ ሳይፈራ ይቀመጣል በሚለው ነው።

ሁሉም ሙያ ይዞራል እያልኩ ግን አይደለም። ሙሴ ውንብድናውን ትቷል፤ ያልተወው ሌሊት መሄድን ነው። ቀራጩ ዘኬዎስም ሒሳብ ማወቁን አልተወም፤ ያን ሒሳብ ግን ግማሽ ሀብቱን ለድሆች ለመስጠት፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ለመመለስ ተጠቀመበት። ከእኛ መካከል ኑሮው በቁጭ በሉ ጨዋታ የቆመ ካለ፣ መተው ያለበትን ይተው። ቀሪው ይዞራል። የማን ዱቤ ስንት እንደቀረ ሳይጽፍ የሚያስታውስ አእምሮ፣ ሰሞኑን ከጉባኤው የቀረውን ወጣት ያስታውስ። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ የሚፈልገውን የሚያውቅ ዓይን፣ ቤቱ እንጀራ ያጣውን ጎረቤት ይወቅ። ዕቁብ ሰብስቦ ሳንቲም የማያጎድል እጅ፣ የታመመ ለማሳከም ይሰብስብ።

ይህ የመርካቶ ገበያ ራሱ መንገድ ሊዞር እንደሚችል ምስክር ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የአራዳ ጊዮርጊሱን ገበያ ወደዚህ ሲያዛውር፣ ዓላማው አገሬውን ከነጮቹ መለየት ነበር። ለመለያየት የታሰበው ቦታ ዛሬ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚገናኝበት ሆነ። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሙስሊሙ ጎረቤታችን ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁን እንጠብቅለታለን፣ እኛ ለክብረ በዓል ስንሄድ እርሱ ይጠብቅልናል። እምነታችሁ ያ ጎረቤት ቁልፉን ሊሰጣችሁ የሚደፍርበት እምነት ይሁን።

እንግዲህ የሰኞ ሥራ ልስጣችሁ። ሱቅ፣ ቢሮ ወይም ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር በወረቀት ጻፉ፤ ሰው የሚያውቅላችሁን አንድ ሙያ፣ እና ያ ሙያ በዚህ ሳምንት ያለ ወሬ የሚያገለግለውን አንድ ሰው። ያልከፈላችሁት ዕዳ ወይም የበደላችሁት ሰው ካለ ከእርሱ ጀምሩ። ወረቀቱን ለንስሐ አባታችሁ አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ጉባኤ ስንገናኝ ምን ተማራችሁ ብዬ አልጠይቃችሁም፤ ማንን አገለገላችሁ ብዬ እጠይቃለሁ።