የሊሙ አረፋማ ወይን ጠጅና ገበታው



አረፋማ ወይን ጠጅ በተነሣ ቁጥር በብዙ ሰው ልቡና ቀድሞ የሚመጣው ሻምፓኝ የሚለው ስም ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከካርካሶን በስተ ደቡብ፣ በኦድ ወንዝ ሸለቆ የምትገኘው ትንሿ የሊሙ ከተማ በዚህ ረገድ የቆየ ታሪክ አላት። በአካባቢው ሲነገር እንደኖረው፣ በ1531 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) የሴንት ኢሌር ገዳም መነኮሳት ወይን ጠጃቸው በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ሲፈላ አስተዋሉ። ሻምፓኝን ፈለሰፈ እየተባለ የሚወደሰው ዶም ፔሪኞን ወደ ኦቪሌ ገዳም የገባው በ1668 ስለሆነ፣ የሊሙ ሰዎች በቀዳሚነታቸው ቢኮሩ አያስደንቅም። መነኩሴው ምስጢሩን ከሊሙ ወሰደ የሚለው ወሬ ግን ማስረጃ የሌለው ተረት ነው።

የነገሩ ምስጢር በተፈጥሮ ሕግ የሚገለጽ ነው። ሞዛክ የተባለው የአገሩ ወይን ዘግይቶ የሚበስል በመሆኑ፣ ጭማቂው ፈልቶ ሳያበቃ ክረምቱ ይደርስበታል። ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል፤ የጸደይ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። በዚህ ጊዜ ወይን ጠጁ በጠርሙስ ታሽጎ ከሆነ፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫ አጥቶ በመጠጡ ውስጥ ይሟሟል። ይህም ጥንታዊው ዘዴ ይባላል። አልኮሉ 7 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ያልፈላው ስኳር ጣፋጭነቱን ይጠብቅለታል።

ሁለተኛው ዘዴ ፈልቶ ያለቀውን ወይን ጠጅ በስኳርና በእርሾ በጠርሙስ ውስጥ ዳግም ማፍላት ነው። በሊትር 4 ግራም ያህል ስኳር የአንድ አትሞስፌር ግፊት ስለሚሰጥ፣ 24 ግራም ሲጨመር ግፊቱ 6 አትሞስፌር ገደማ ይደርሳል። የጠርሙሱ ውፍረትና ቡሹን የሚያስረው ሽቦ ያለ ምክንያት የተደረጉ አይደሉም። ብላንኬት የተባለው የሊሙ ወይን ጠጅ ቢያንስ 9 ወር በአተላው ላይ ይቆያል፤ ከዚያም አተላው ወጥቶ ዳግም ይታሸጋል።

ብላንኬት በ1938 በሕግ የተጠበቀ ስም አገኘ። በ1990 ደግሞ ክሬማን የተባለ ሌላ ስም ተጨመረ፤ በዚህኛው ውስጥ ዋናውን ድርሻ የያዙት ሻርዶኔና ሽናን የተባሉት የወይን ዓይነቶች ናቸው። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በዓለም ገበያ የታወቀውን ጣዕም መከተል ገበሬውን ሊጠቅም ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም ወደዚያ ቢያዘነብል የሞዛክ ዕጣ ምን ይሆናል? ሕጉ የሰጠው መልስ ሁለቱንም አቻችሎ ማኖር ነው፤ ብላንኬት ቢያንስ 90 በመቶ ሞዛክ እንዲሆን ተደነገገ።

የዚህ ውሳኔ ተገቢነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በገበታ ላይ ነው። የሊሙ አካባቢ ምግብ ከባድ ነው፤ የአሳማ ሥጋ ከነጭ ቦሎቄ ጋር ይሠራል፤ ከካርካሶን በስተ ምዕራብ ያለችው የካስቴልኖዳሪ ከተማም ቦሎቄን ከዳክዬና ከቋሊማ ጋር በሸክላ ዕቃ ታበስላለች። ደረቁ ብላንኬት በኮምጣጣነቱና በአረፋው የስቡን ክብደት ከምላስ ላይ ስለሚያነሣ፣ ተመጋቢው ለሚቀጥለው ጉርሻ ይዘጋጃል። የፖም ሽታ ያለው መሆኑም ከፍየል አይብ ጋር ያስማማዋል። ክሬማኑ ለስለስ ያለ በመሆኑ ለዓሣና ለኦይስተር ይመረጣል። ቁንዶ በርበሬ የገባባቸው የሊሙ ብስኩቶች ከምግብ በፊት ከደረቁ ጋር ይቀርባሉ። በጥንታዊው ዘዴ የተሠራው ጣፋጩ ብላንኬት ደግሞ ለፖም ኬክና በስኳር የበሰለ ፍራፍሬ ላለበት የበዓል ዳቦ ይስማማል፤ መጠጡ ከጣፋጩ ምግብ ያነሰ ስኳር ካለው ኮምጣጣ መስሎ ይቀመሳልና። ሁሉም ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዘው ይቀርባሉ።

ከ1994 ወዲህ በአውሮፓ ከሻምፓኝ አውራጃ ውጭ ያለ አምራች «በሻምፓኝ ዘዴ የተሠራ» ብሎ በጠርሙሱ ላይ መጻፍ አይፈቀድለትም። ይህ ክልከላ ለሊሙ ጉዳት መስሎ ቢታይም፣ በሌላ ስም ከመጠራት አድኖታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፣ የሊሙም ስም ሊዘልቅ የሚችለው ሞዛኩ ከተራራው፣ ብላንኬቱም ከቦሎቄው ገበታ እስካልተለየ ድረስ ነው።