የመኪና መሪ ዘይት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና መሪ ዘይት ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የመኪና ነገር ምን ይሠራልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ግን እህላችን ገበያ የሚደርሰው በጭነት መኪና ነው። ትራክተር የገዛ ማኅበርም አለ። የዓባይን በረሃ የምንወርደውም በአውቶቡስ ነው። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል።

እስቲ እርሻን እናስብ። ገበሬው እርፉን ይይዛል፤ የሚጎትቱት ግን በሬዎቹ ናቸው። በዘይት የሚታገዝ መሪም እንደዚሁ ነው። ሾፌሩ መሪውን ያዞራል። ሞተሩ በቺንጋ ወይም በጥርስ ፖምፓውን ያንቀሳቅሳል። ፖምፓው ዘይቱን በኃይል ይገፋል። የተገፋው ዘይት ጎማውን ለማዞር ያግዛል። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እንዲህ ያለውን መሪ እ.ኤ.አ. በ1926 ሠርቶ አሳየ።

የዘይት ጉልበት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ሲጀምር ያበራቸው አውሮፕላኖች ጎማቸውን የሚያጥፉት በዘይት ግፊት ነበር።

እንግዲህ ዘይቱን እንዴት እንመርምር?

1. መኪናውን ሜዳ ላይ እናቁም። የእጅ ፍሬን እንያዝ። ሞተሩን እናጥፋ።
2. ኮፈኑን ከፍተን የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያውን እንፈልግ። ክዳኑን ከመክፈታችን በፊት በጨርቅ እንጥረገው። አቧራ ከገባ ፖምፓውን ይበላዋል።
3. ዘይቱ በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል መሆኑን እንይ። ከጠቆረ፣ ካረረ ወይም አረፋ ካወጣ ለመካኒክ እናሳይ።
4. ከጎደለ ክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ጥቂት በጥቂት እንጨምር። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይጨመርም። ማንበብ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ደጋግሞ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። እየጨመሩ መንዳት በተቀደደ ስልቻ እህል መጫን ነው። መሪው ሲከብድ፣ ሲዞር ሲያቃስት፣ ወይም መኪናው ከቆመበት ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ ቶሎ ወደ ጋራዥ እንሂድ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሞተር አጥፍተው ቁልቁለት የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓው ይቆማል። መሪው መዞሩን ባይተውም እጅግ ይከብዳል። የፍሬኑም እገዛ ይደክማል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጉልበት አይበቃም። በጥቂት ነዳጅ ምክንያት የስንት ሰው ሕይወት ይጠፋል! እንዲህ የሚያደርግ ሾፌር ስናይ «ወንድሜ፣ ሞተሩን አስነሣ» እንበለው። ተሳፋሪ የመናገር መብት አለው።

በመጨረሻም፣ ያረጀውን ዘይት ወንዝ ዳር አንድፋ። በባዶው ጣሳም ውሃ አንቅዳበት።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ክዳን ከፍቶ ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።