የጀማሪ አማካሪ የሥራ ቀን



እ.ኤ.አ. በ1926 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ አያያዝ መምህር የነበሩት ጄምስ ማኪንዚ በስማቸው የሚጠራውን የአማካሪ ድርጅት ሲመሠርቱ፣ መነሻቸው የሂሳብ መዝገብ ነበር። የጀማሪ አማካሪ የሥራ ቀን ዛሬም የሚያተኩረው በመዝገብ ላይ ነው።

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወጪውን ለመቀነስ ምክር ጠየቀ እንበል። ጀማሪው ጠዋት ከቡድኑ ጋር የዕለቱን ሥራ ይከፋፈላል፤ ከዚያም የደመወዝና የምርት መዝገቦችን በኤክሴል ያመሳክራል። ከሰዓት በኋላ የፈረቃ ኃላፊዎችንና የመጋዘን ሠራተኞችን ያነጋግራል። አመሻሹ ላይ ያገኘውን በጥቂት ስላይዶች አጠቃልሎ ለቡድን መሪው ያቀርባል፤ እርማቱም ብዙ ጊዜ እስከ ምሽት ይዘልቃል።

ሥራው ተራ ይመስላል። ነገር ግን መዝገቡ አንዱን ሠራተኛ በሁለት ክፍል ውስጥ ቢቆጥረው፣ ፋብሪካው ከሚያስፈልገው በላይ ሰው የያዘ ይመስላል። በዚህ ስሕተት ላይ ተመሥርቶ ቅነሳ ቢመከር እንጀራውን የሚያጣው ሠራተኛው ነው። ዋናው አማካሪ የሚያነበው ድምሩን ስለሆነ፣ እያንዳንዱን መስመር የማየት ዕድል ያለው ጀማሪው ነው።

ስለዚህ ከቀኑ ሁሉ ከባዱ ሰዓት፣ ስላይዱ ካለቀ በኋላ «ቁጥሩ አይገጥምም» ማለት የሚገባበት ሰዓት ነው። ስሌቱን ከመምህራኖቻችሁ ትማራላችሁ፤ ይህ ድፍረት ግን የሚጸናው መሪው በሚያዳምጥበት ቡድን ውስጥ ነው። ነገ ኃላፊነት ስትረከቡም፣ መዝገቡን ለያዘው ጀማሪ ጆሯችሁን ስጡ።