በሰሜን ዋልታ ኩሬዎች ስለምትኖረው ዳፍንያ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ ልናገርላት የመረጥኋት ፍጥረት ርዝመቷ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጠው ዳፍንያ ናት። በተለምዶ የውሃ ቁንጫ ትባል እንጂ ወገንነቷ ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ጋር ነው። በካናዳ፣ በግሪንላንድና በሳይቤሪያ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል በረዶ ሆነው በሚያሳልፉ ጥልቀት የለሽ ኩሬዎች ትኖራለች።

የዳፍንያ ፑሌክስ ወገን ከሆኑት የዋልታ ዳፍንያዎች አብዛኞቹ ያለ ወንድ ዘር የሚተኩ ናቸው፤ እናት ልጇን የራሷ ግልባጭ አድርጋ ትወልዳለች። እንዲህ ከሆነ ልዩነት ከየት ይመጣል ማለታችን አይቀርም። ሆኖም በአንድ ኩሬ የሚዋኙት፣ ለዓይን የአንዲት እናት ልጆች የሚመስሉት፣ ሲመረመሩ የተለያዩ የዘር ሐረጎች ሆነው ይገኛሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በተቀራረቡ ዝርያዎች መዳቀል የመጡ ሲሆኑ፣ ክሮሞዞሞቻቸው በጥንድ ብቻ ሳይሆን በሦስትና በአራት ቅጂ የሚገኙም አሉ። ዝርያ ቆጥሮ ለሚመለስ ባለሙያ ግን ይህ ሁሉ «አንድ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው።

የሐረጎቹ ሥርጭትም የራሱ ታሪክ አለው። ሎረንስ ዋይደርና አንደርስ ሆቤክ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የሰሜን ካናዳ ጥናት እንደታየው፣ የሐረጎች ብዛት ከፍ የሚለው በቤሪንግያ አጠገብ ነው። ቤሪንግያ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ አብዛኛው ካናዳ በግግር በረዶ ተሸፍኖ ሳለ፣ ሳይሸፈን የቀረ በአላስካና በሳይቤሪያ መካከል የተዘረጋ ምድር ነበር። በረዶው ሲሸሽ ድርቀትንና ብርድን የሚቋቋሙት የዳፍንያ እንቁላሎች፣ ወፎችም ጭምር እያጓጓዟቸው፣ ወደ አዲሶቹ ኩሬዎች ተዛመቱ።

አሁን ግን ኩሬዎቹ ራሳቸው አደጋ ላይ ናቸው። ጆን ስሞልና ማሪያን ዳግላስ በኤልስሚር ደሴት፣ በኬፕ ኸርሸል የሚገኙትን ኩሬዎች ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምረው ሲከታተሉ ቆይተው፣ ለሺህ ዓመታት ውሃ ይዘው ከኖሩት መካከል አንዳንዶቹ በሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ፈጽመው ደርቀው አገኟቸው። የደረቀ ኩሬ ስንት ሐረግ ይዞ እንደነበር፣ አስቀድሞ ካልተጠና፣ የሚነግረን አይኖርም።

ተስፋ የሚሰጠው ጭቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ ከአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ሐይቅ ደለል የወጣ 700 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የዳፍንያ እንቁላል ተፈልፍሏል። ስለዚህ ወደ ዋልታው የሚሄድ ተመራማሪ ከመረቡ ጋር የደለል መቅጃ ቧንቧም ይዞ እንዲሄድ እመክራለሁ።