ፀሐይ አንዳንዱን ብቻ ስታቃጥል

እሷ፦ «ባፊ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ስፓይክ የሚባለው ደም መጣጭ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ያቋርጣል። ትንሽ ይጨስና ቤት ገብቶ ወሬውን ይቀጥላል። ሌሎቹ እኮ ጨረር ሲነካቸው አመድ ይሆናሉ!

እሱ፦ ሌሎቹማ ስም እንኳ የላቸውም። ዋና ገጸ ባሕርይን ፀሐይም ትታገሰዋለች።

እሷ፦ ቀልዱን ተወው። ሕጉ ራሱ ከየት መጣ?

እሱ፦ ከፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በታተመው የብራም ስቶከር ልቦለድ ድራኩላ በቀን ለንደን ውስጥ ይዘዋወራል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይቃጠልም። ፀሐይን ገዳይ ያደረጋት በ1922 የወጣው የጀርመኑ «ኖስፌራቱ» ነው።

እሷ፦ እንግዲያው ሕጉን መለወጥ ነውር አይደለም። «ቫምፓየር ዳያሪስ» የተባለው ድራማ አስማተኛ ቀለበት አመጣ፤ ያጠለቀ ቀን ይወጣል፣ ያወለቀ ይቃጠላል። ይሄ አያናድደኝም። ቀለበት ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ታሪክ ይወልዳል።

እሱ፦ ባፊ ውስጥም እንዲህ ያለ ቀለበት መጥቶ ነበር እኮ። ስፓይክ አገኘው፣ ኤንጅል ወደሚባለው ሌላ ደም መጣጭ ተላከ፣ እሱም አደቀቀው።

እሷ፦ ደግ አደረገ! እኔን የሚያበሽቀኝ ብርድ ልብሱ ነው። ጸሐፊዎቹ ሰውየውን ሲፈልጉት ፀሐይዋን ያቀዘቅዟታል፣ ሲሰለቻቸው ያግሏታል።

እሱ፦ የቀረጻውንም ነገር አስቢ እንጂ። ሁሉን ትዕይንት ሌሊት መቅረጽ ሠራተኛውን ይጨርሰዋል።

እሷ፦ ይገባኛል። ግን ያ የእነሱ ችግር ነው፤ እኔ በመጀመሪያው ክፍል የተነገረኝን ሕግ ይዤ ነው የማየው። ብርድ ልብስ ካዳነ፣ ቀጥሎ ጀግናው ፀሐይ ላይ ሲወድቅ አልደነግጥም።

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ እናንተስ የትኛውን ድራማ ይቅር ብላችኋል? ደውሉልን።