ኡሙ አይመን፦ የተዘነጋችው ሐበሻዊት እናት

 

ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ልጇን ሱረቱል ኢኽላስ የምታስቀራ እናት ስናይ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ትታወሰናለች። ስለ ሐበሻና ኢስላም ስናወራ ቢላልንና ነጃሺን እናነሳለን፤ እርሷን ግን እንዘላታለን።

ስሟ በረካ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናት አሚና አብዋእ ላይ ሲሞቱ፣ የ6 ዓመቱን የቲም ወደ መካ ይዛ የተመለሰችው እርሷ ናት። የዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ ሚስት፣ የኡሳማ እናት ሆነች። ሌላው ልጇ አይመን በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ሑነይን ላይ ሸሂድ ሆነ።

ከነቢዩ ኅልፈት በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ)፣ እርሳቸው ያደርጉ እንደነበረው ሊዘይሯት ሄዱ። አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው እንደሚሻል ሊያጽናኗት ሞከሩ። እርሷ ግን የምታለቅሰው ይህን አጥታው ሳይሆን ወሕይ ከሰማይ በመቋረጡ መሆኑን ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።